በርሜልና ጥጤ

ዝናቡ ድንገት ባይጥል ኖሮ ሐኪሟና አናጢው ሳይተዋወቁ ይቀሩ ነበር። ሐኪሟ አንድ ጠረጴዛ በጋሪ አስጭና፣ እጁ ፈጣን ነው ወደተባለ ሌላ አናጢ እየሄደች ነበር። የእኛ አናጢ ደግሞ በፍጥነት አይታሙም፤ እሳቸው ዘንድ ወንበር ያዘዘ ሰው ቆሞ መብላት ይልመድ እየተባለ በሰፈሩ ይቀለድባቸዋል። ሰማዩ ሲዘረገፍ ግን ጋሪ ገፊው ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለና ጠረጴዛውን እደጃፋቸው አውርዶ እግሬ አውጪኝ አለ።

አዛውንቱ መላጊያቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

“ግቢ ልጄ፣ ምን ያበሰብስሻል” አሉና የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ይዘው አስገቡላት።

የሥራ ቤታቸው ጠባብ ነው። ጣውላ በየግድግዳው ተደግፏል፣ ወለሉ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ለብሷል፣ የኮላ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። በአንዱ ጥግ በንጹሕ አንሶላ የተሸፈነ ትንሽ የሕፃን አልጋ ይታያል። ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር፣ የፍቅፋቂ ክምር ላይ፣ ከድመት ብዙም የማይበልጥ ነጭ ጠጉራም ውሻ ተኝቷል። ስሙ ጥጤ ነው።

“ይህ ጠረጴዛ ይነቃነቅብኛል አባባ” አለች ሐኪሟ ፀጉሯን እየጨመቀች። “እንስሳት የማክምበት ነው። ሲነቃነቅ ይፈራሉ፣ ሲፈሩ ደግሞ ይነክሱኛል።”

“የእንስሳት ሐኪም ነሽ? ይቅርታ፣ ነዎት ማለቴ ነው።”

“አንቺ ይበሉኝ እንጂ። ልጅዎ እኮ ነኝ።”

አናጢው ጠረጴዛውን ገልብጠው እግሮቹን ነካ ነካ አደረጉ። ሰሞኑን አንድ ነገር ልባቸው ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ የሚሰማ ጆሮ ሲያገኙ ማለፍ አልቻሉም።

“እንግዲያው ልጠይቅሽ” አሉ። “ከተፈጥሮው አውሬ የሆነ የውሻ ዘር አለ አይደል?”

“ምን አሳሰበዎት?”

“ልጄ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አዛውንቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሌላ ከተማ አግብታ ነው የምትኖረው፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። በቅርቡ አባቷ ያሉበት ከተማ ሥራ አገኘችና፣ ቆማ ለመሄድ እየሞከረች ያለች ሕፃን ልጇን ይዛ እሳቸው ጋ ልትገባ ተስማሙ። አዛውንቱ ይህን በሰሙ ማግስት አልጋውን መሥራት ጀመሩ፤ በዕድሜያቸው ቶሎ የጨረሱት ሥራ እሱ ብቻ ነው ይባላል። ልጃቸው ግን በርሜል የሚባል ውሻ አላት። ስሙ ቅርጹን ይናገራል፤ ደረተ ሰፊ፣ አንገተ ወፍራም፣ ሰው ሲያየው መንገድ የሚሻገርለት ዓይነት ነው።

“‘አንቺም ነይ፣ የልጅ ልጄንም አምጪልኝ፣ ያ አውሬ ግን ደጄን አይረግጥም’ አልኳት” አሉ አናጢው። “እሷም ‘እሱ ካልመጣ እኛም አንመጣም’ ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እስከ ዛሬ አልደወለችም። ይህን ግትርነት ከማን እንዳመጣችው እንጃ።”

ሐኪሟ የእሳቸውን ፊት አየት አድርጋ ፈገግታዋን ዋጠች። “ነክሶ ያውቃል?”

“አልነከሰም። ዘሩ ነው እንጂ የሚያስፈራኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት ከእንጨት ጋር ነው። ጥድ ጥድ ነው፣ ባሕር ዛፍም ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ብትለምኚውም ይጣመማል። ምን ታደርጊዋለሽ?”

“ያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመው በር ከምንድን ነው የተሠራው?”

“እሱማ ባሕር ዛፍ ነው።”

“ቀጥ ብሏል እኮ።”

“ቀጥ ይላል እንጂ። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አድርጌዋለሁ። የሚያጣምሙት ቸኩለው እርጥቡን የሚቸነክሩት ናቸው።”

“ጥዱስ? ፀሐይ ላይ ተጥሎ ቢከርም?”

“እንዲያማ ከሆነ ጥድም ቢሆን...” አሉና ቆም አሉ። መዶሻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። “ወጥመድ ውስጥ ከተትሽኝ አይደል?”

“በራስዎ እንጨት” አለች ሐኪሟ። ሁለቱም ሳቁ። አናጢው ግን ሳቁ ማለት ተረቱ ማለት አይደለም፤ እንኳን በአንድ በር፣ በሙሉ ቤትም የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

“ሳይንሱ ዘር ምንም አይደለም ካለ እንግዲህ እኛ ተታልለን ኖረናል” አሉ በነገር ወጋ አድርገው።

“ምንም አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል አባባ። ከብት እንዲነዳ ተመርጦ የተዳቀለ ውሻ ተረከዝ ማባረር ይወዳል፤ ቤት እንዲጠብቅ የተመረጠው እንግዳ ይጠራጠራል። መንጋጋው ትልቅ የሆነው ደግሞ ከነከሰ ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ ልጅዎ ከሌላ ሰው ይልቅ መጠንቀቅ አለባት፤ በማሰሪያ ይዛው ትውጣ፣ በደንብ ታሠልጥነው። ይህ ውሻ ይነክሳል ወይስ አይነክስም የሚለውን ግን ዘሩ ብቻውን አይነግረንም። እንዴት አደገ? በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚውለው? ያመዋል? ከልጆች ጋር ኖሯል? ይህን ሳይጠይቅ መልኩን ብቻ አይቶ የሚፈራ ሰው ይሳሳታል። መልኩን ብቻ አይቶ የሚያምንም ይሳሳታል፤ የእሱ ስሕተት እንዲያውም የበለጠ ያሳስበኛል።”

“የሚያምን ስትዪ?”

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ጥጤ ዘረጋች፤ መሐል ላይ ግን አቆመችው። ውሻው ደርቆ ቀርቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በዓይኑ ጠርዝ ያያታል፣ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ ይልሳል። እጇን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች።

“አትፍሪው” አሉ አናጢው ኩራት ባለበት ድምፅ። “እሱ ጨዋ ነው። ማጉረምረም የሚባል ነገር አያውቅም። ቡችላ ሳለ ምግቡ አጠገብ ሰው ሲደርስ ያጉረመርም ነበር። ባጉረመረመ ቁጥር በተጠቀለለ ጋዜጣ አፍንጫውን ሾጥ ሳደርገው ተወው። እነሆ እስከ ዛሬ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።”

አንባቢ በአዛውንቱ ላይ ለመፍረድ አይቸኩል። ልጁን ዝም በል እያለ አሳድጎ፣ ዝም ሲልለት ጨዋ ልጅ አለኝ ብሎ ያልተኩራራ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ሐኪሟም አልፈረደችባቸውም። ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ ብላ ጠየቀቻቸው።

“ጥጤስ ነክሶ ያውቃል?”

“ጥጤ? ኧረ ምን በወጣው። ፖስታ አመላላሹን አንዴ ጫር አድርጎታል እንጂ። የጎረቤቴንም እጅ ያዝ አድርጎ ነበር፣ እሱ ግን የሰውየው ጥፋት ነው፣ ከተኛበት ቀሰቀሰው። አንዲት ደንበኛዬንም እንዲሁ...” ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ።

“በርሜል ቢሆን ኖሮ ‘ጫር አደረገ’ ይሉለት ነበር?”

አናጢው ቀድሞ የጠበቀ ብሎን እንደገና ማጥበቅ ጀመሩ።

“አንድ ነገር አልነገርኩሽም” አሉ በመጨረሻ። “የነገረችኝ ልጄ ራሷ ናት፣ ያውም እየሳቀች። ሕፃኗ እየዳኸች ሄዳ ያንን ውሻ ጆሮውን ጨምድዳ ጎተተችው። እሱም አጉረመረመባት። ሕፃን ላይ አጉረመረመ፣ ገባሽ? ከዚህ በኋላ ምን እስኪሆን ልጠብቅ?”

“አጉረመረመና ምን አደረገ?”

“ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ አለች።”

“ሕፃኗስ?”

“ምንም አልሆነች።”

“አባባ፣ እርስዎ በከሰሱበት ነገር እኔ እመሰክርለታለሁ። ውሻ ‘አመመኝ፣ ተዪኝ’ ማለት ሲፈልግ ያለው ቃል ማጉረምረም ነው። በርሜል አመመኝ አለ፣ ከዚያ ጠቡን ትቶ ሄደ። ይህን ያህል ትዕግሥት ከሰውም አይገኝ።” ከዚያ የሚቀጥለውን ለመናገር ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። “ጥጤም ቅድም እጄን ስዘረጋ ተዪኝ ብሎኛል። ፊቱን አዞረ፣ ሰውነቱን አደረቀ። ሥራዬ ስለሆነ አየሁት። መሄድ የጀመረች ልጅ ግን ይህን አታይም። እሷም ሆነች አጠገቧ ያለ ሰው ሊሰሙት የሚችሉት ማጉረምረሙን ነበር፣ እሱን ደግሞ ተቀጥቶበት ትቶታል። የተወው ድምፁን ነው አባባ፤ ፍርሃቱ እዚያው አለ።”

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አናጢው አንድ ያላለቀ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

“ወጣት ሳለሁ ጣሪያ ላይ እሠራ ነበር” አሉ ቆይተው። “አግዳሚው ሲጥ ሲጥ ሲል አለቃችን ውረዱ ይለናል። እንወርዳለን፣ እንደግፈዋለን፣ ተመልሰን እንወጣለን። ሲጥ በሚለው ሰው ሲጎዳ አላየሁም። ጓደኛዬን የወሰደብኝ ድምፅ ሳያሰማ የተሰበረው ነው።” ጥጤን አዩት፣ ከዚያም አንሶላ የለበሰውን አልጋ። “እኔ እኮ የልጅ ልጄን እዚህ፣ ከዚህ ውሻ ጎን ላስተኛት ነበር። በርሜልን ደጅ አስቀርቼ። አፉን የዘጋሁትም እኔው ነኝ።”

ፈርተው ነበር፤ ሳይሆን ለቀረ ነገር የሚፈሩት ፍርሃት ከሁሉ ይከብዳል።

“ምን ላድርገው እንግዲህ?” አሉ። “እሱን የማስወግድበት አንጀት የለኝም። ባለቤቴ ናት በጡጦ ያሳደገችው።”

“ማን ያስወግዱት አለ? ሸምግሏል፣ ጥርሱንም ሳያመው አይቀርም፤ ያምጡልኝና ልየው። ልጅ የማትገባበት፣ ዝቅ ያለ በር ያለው የራሱ ጥግ ይሥሩለት። ከእንግዲህ ቢያጉረመርም ምን ሆንክ ይበሉት እንጂ አይምቱት። ልጅቷን ደግሞ ከየትኛውም ውሻ ጋር ብቻዋን አይተዋት፣ ከጥጤም ጋር፣ ከበርሜልም ጋር። በርሜልንም ቢሆን በዓይን አይቼው ነው የምፈርደው።”

ዝናቡ ሲያባራ ሐኪሟ ጠረጴዛዋን ትታ ሄደች። አናጢው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ስልክ አነሡ።

“አቤት” አለች ልጃቸው፣ በኮረፈ ድምፅ።

“በርሜል ደኅና ነው?”

አባቷ ያንን ውሻ በስሙ ሲጠሩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

“ደኅና ነው። ምነው አባዬ?”

“መኝታ ልሠራለት ነው። ቁመቱን ለክተሽ ንገሪኝ፣ ወርዱንም።”

“እያሾፍክብኝ ነው?”

“አላሾፍኩም የኔ እናት። ተሳስቼ ነበር። ያኔ ማጉረምረሙ ደግ አድርጎ ነው። ኑልኝ በቃ፣ እሱንም ይዛችሁ ኑልኝ።”

ልጃቸው ልኩን ልትነግራቸው ሞከረች፤ ግን እያለቀሰች ስለነበር ቁጥሩ አልተሰማቸውም።

በርሜል መጣ። ሐኪሟም አየችው፣ ነካካችው፣ አረማመዱንና አበላሉን ተመለከተች፣ በማሰሪያ መሄድ የሚያውቅ ረጋ ያለ ውሻ ነው አለች። ሰፈሩ የፈራው ያ ውሻ መጋዝ ሲጮህ ከልጃቸው ቀሚስ ኋላ ተወትፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥጤም የበሰበሰ ጥርሱ ተነቀለለትና ምግቡን ደስ ብሎት መብላት ጀመረ። አናጢው ደግሞ ሰባኪ ወጣቸው፤ ወንበር ሊያዝ የመጣውን ሁሉ ስለ ውሻ ካላስተማሩ አይለቁም፤ ወንበሮቹም ከበፊቱ ይበልጥ ዘገዩ። ጥቅሙ ግን ታየ። ውሻውን ቀን ከሌት በአጭር ሰንሰለት አስሮ የሚያስጮህ አንድ ጎረቤት አጥሩን ጠግኖ ፈታው። እናቶች ልጆቻቸውን የሚበላና የሚተኛ ውሻ አትንኩ፣ የሰው ውሻ ከመዳሰሳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ ማለት ለመዱ። ውሻ የሚያሳድግ ሁሉ ዓይነቱ ምንድን ነው ከሚለው ጋር እንዴት ነው የያዝኩት የሚለውንም ቢጠይቅ ስንት ልጅና ስንት ውሻ ከጉዳት እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። ፖስታ አመላላሹም ቢሆን ሱሪው ከመቀደድ ዳነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አናጢው ለጥጤ ውሃ ቀድተውለት ሲወጡ በሐኪሟ ምክር የሠሩለትን የጥጉን በር መቀርቀር ረሱ። ሕፃኗ ክፍት በር አይታ አታልፍም፤ ዱብ ዱብ እያለች ገባች። እናቷ እዚያው ልብስ ታጣጥፋለች፣ አዛውንቱ እዚያው ጣውላ ይልጋሉ። ትንሿ እጅ ወደ ነጩ ጠጉር ተዘረጋች። ያን ጊዜ ከጥጉ ቀጭን፣ የሻከረ ድምፅ ተሰማ።

እርርር።

አናጢው ተወርውረው ሕፃኗን አነሡ፣ ለእናቷ ሰጧትና በሩን ዘጉ። ጥጤ ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዱላውን ይጠብቃል። አዛውንቱ ከበሩ ወዲህ ተንበረከኩ።

“ደግ አደረግህ የኔ ጌታ” አሉት። “ሰማሁህ። ምንጊዜም እንዲህ ንገረኝ።”

ዱላው አልመጣም። ጥጤ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ቆይቶም ሌላውን።

“አባዬ፣ ምን ሆንክ?” አለች ልጃቸው ሕፃኗን እንዳቀፈች። “ታለቅሳለህ እንዴ?”

“ጥጤ ተናገረ” አሉ።