የዘምዘም ዋስ

ደሴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ የባዮሎጂ መምህሩ አቶ ሙሄ በረንዳቸው ላይ የተማሪ ፈተና ያርማሉ፤ በባዮሜዲካል ሳይንስ የተመረቀችው ልጃቸው ዘምዘም የዋስትና ቅጽ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

አቶ ሙሄ፦ አልፈርምም አልኩ፣ አልፈርምም! ስንቴ ልበል?

ዘምዘም፦ አባ፣ ያለ ዋስ አይቀጥሩኝም፤ ዋሱም ቢሯቸው ቀርቦ ነው የሚፈርመው። ዛሬ ካላስገባሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

አቶ ሙሄ፦ ይስጡት! «ልጄ ሳይንቲስት ናት» ማለቴን አገር ያውቃል። አሁን ሻንጣ ይዘሽ በየደጁ ስትዞሪ እኔው ዋስ ልሁን?

ዘምዘም፦ የላቦራቶሪ ማሽን እኮ ነው የምሸጠው።

አቶ ሙሄ፦ ማሽንም ሽጪ ሽንኩርት፣ ንግድ ያው ንግድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።

ዘምዘም፦ ብብቴ ውስጥ ምን አለና ነው የምጥለው? ከተመረቅሁ ጀምሮ ሆስፒታል በነፃ ነው የማገለግለው። ያውም ሥራ ከተባለ።

አቶ ሙሄ፦ ልምድ ነው። ታገሺ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ዘምዘም፦ የኔ እንቁላል ገማ፣ አባ!

አቶ ሙሄ፦ አንቺ! አፍሽን ያዢ!

ዘምዘም፦ አፉ በለኝ። ግን ሰሞኑን አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። የደም መመርመሪያው ማሽን እዚያው ቆሟል፤ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። የሚያስነሳው የለም። «ሌላ ቦታ አስመርምሪው» ብዬ መለስኳት። ነጭ ጋዋን ለብሼ!

አቶ ሙሄ፦ ያንቺ ጥፋት ነው?

ዘምዘም፦ አይደለም። ግን ማሽኑን የሸጠልን ሰውዬ ስለ ደም የሚያውቀው ቀይ መሆኑን ብቻ ነው። አሠራሩን ብንጠይቀው «መመሪያው ላይ አለላችሁ» ብሎን ሄደ። እኔ ብሆን ሳላስነሳው ከዚያ በር አልወጣም ነበር።

አቶ ሙሄ፦ ታዲያ አሁን ለምን አታስነሺውም?

ዘምዘም፦ ማን ያስነካኛል? «አንቺ በጎ ፈቃደኛ ነሽ፣ ብታበላሺው ማን ይጠየቃል?» አሉኝ።

አቶ ሙሄ፦ እኔ ክፍል በገባሁ ቁጥር «እንደ ዘምዘም ሁኑ» ስል የኖርኩትስ? ሰኞ ምን ልበላቸው?

ዘምዘም፦ ለተማሪዎችህ ምሳሌ ልሁን ብዬ ዕድሜዬን ልፍጅልህ?

አቶ ሙሄ፦ የላቦራቶሪ ሰው መሆን የምመኘው እኔ ራሴ ነበርኩ! አልሆነልኝም። ላንቺ ሆነልሽ፣ አንቺ ደግሞ...

ዘምዘም፦ ለኔም አልሆነልኝም። እሱን ነው የምነግርህ፤ አልሰማ አልከኝ እንጂ።

አቶ ሙሄ፦ በቃ፣ ተይኝ። ወረቀቴን ላርም።

ዘምዘም፦ እሺ። አጎቴ እንድሪስ ይፈርምልኛል። እሱም ደሞዝተኛ ነው።

አቶ ሙሄ፦ እንድሪስ? ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል፣ ሱቅ ትቀመጥ» ያለው እንድሪስ?

ዘምዘም፦ እሱው። እየጠበቀኝ ነው።

አቶ ሙሄ፦ አባትሽ እዚህ ቁጭ ብሎ? «አባቷስ የት ሄዶ ነው?» ሲሉሽ ምን ልትመልሺ ነው?

ዘምዘም፦ «አላመነኝም» እላቸዋለኋ።

አቶ ሙሄ፦ ...ጫማዬን አምጪልኝ። ፈርሜ ስመለስ ግን እንዳታናግሪኝ።