ለሦስት የተከፈለው ብልቃጥ

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ የነቀምቱ መርፌ ወጊ አቶ መሸሻ ከዝናብ ለመጠለል አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቢገቡ፣ ሊያዩት ከማይወዱት ሰው ጋር ተፋጠጡ። ይኸውም የጤና ጣቢያው ወጣት የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ጨመዳ ነበር።

«አካም ኦልተኒ፣ ጋሼ?» ሲል ጨመዳ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኦቦ ጨመዳ። አገሩ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ስለሚጎርፍ እኛ አርፈናል።»

ለልጃቸው እኩያ እንደ አቶ «ኦቦ»፣ እንደ ትልቅ ሰው «እርስዎ» ማለታቸው ከአክብሮት አልነበረም። ቅናት ነበር የሚያናግራቸው። ከጦር ሠራዊት ቁስል አጣቢነት በጡረታ ከወጡ ጀምሮ «ሐኪሜ» ሲላቸው የኖረ ገበያተኛ፣ የጨመዳን ነጭ ካፖርት ካየ ወዲህ ሰላምታቸውንም ዘንግቷል። ልጃቸው ሸዋጌጥ በእግሯ ቁስል ከተኛች አምስት ሳምንት ሆኗታል። ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ ብትላቸው «ያ ጎረምሳ ሊያድንልኝ ነው?» ብለው ከልክለዋታል። ዛሬ ግን ፈርተዋል።

«ስማ፣ የታመመች የአንድ ወዳጄ ልጅ አለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዱሮ በፔኒሲሊን ይደርቅ የነበረ ቁስል እንቢ አለ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን?»

«በምን ያህል ነው የተወጋችው?»

«ሲሶ ሲሶ። አንዱ ብልቃጥ ለሦስት በሽተኛ ይከፈላል፤ ለድሃው ሁሉ እንዲዳረስ። ይህ ጽድቅ እንጂ ኃጢአት ነው?»

«ልብዎ ደግ ነው፣ ጋሼ። ቁስሉን የሚያመረቅዘው ተውሳክ ግን ደግነት አያውቅም። በሲሶው የሚሞተው ደካማው ነው፤ ብርቱው ተርፎ ይራባል። በጥቂት በጥቂቱ በተወጋች ቁጥር ለብርቱው ቦታ ይለቀቅለታል። ኋላ ሙሉ ብልቃጥም አይበግረውም። ያው ተውሳክ ጎረቤቷን ቢይዝ ደግሞ፣ መርፌ ነክቶት በማያውቀው ሰው ላይ እንኳ መድኃኒቱ ከንቱ ይሆናል።»

«አንተ ዘንድስ የተለየ ምን አለ?»

«ሙሉ ልክ፣ እስከ መጨረሻው ቀን። ተሻለኝ ብሎ የሚቀረውን ቤቱ ድረስ ሄጄ እወጋዋለሁ። ለጉንፋን ግን ፔኒሲሊን አልሰጥም፤ በሽተኛው ቢቆጣኝም እመልሰዋለሁ።»

አቶ መሸሻ አቀረቀሩ። ጨመዳ የመለሰውን ጉንፋናም ሁሉ «ያ ልጅ አላወቀበትም» እያሉ በደስታ የሚወጉት እሳቸው ነበሩ።

«ልጅቷ ትኩሳት አላት?»

«እንደ እሳት።»

«ዛሬውኑ ትምጣ። ሌላ መድኃኒት አለ፤ ተውሳኩ ያንንም ሳይለምድ እንድረስላት።»

«ወዳጄ ኩሩ ሰው ነው። ደጅህን አይረግጥም።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ። ቤቱን ብቻ ያሳዩኝ።»

«ቤቱ የኔ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ካፊያውንም ሳይጠብቁ ፊት ፊት መሩት።

ሸዋጌጥ በሌላው መድኃኒት በሦስተኛው ሳምንት ቆመች። ቆማ መጀመሪያ ያመሰገነችው ጨመዳን ነበር፤ ይህም አባቷን አንገበገባቸው። ቢሆንም የመጨረሻውን መርፌ እስክትወጋ ድረስ በየማለዳው ጤና ጣቢያ ያደረሷት እሳቸው ናቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ድርቤ የተባለች ቅቤ ነጋዴ እያነጠሰች አቶ መሸሻ ቤት መጣች። «አባኮ፣ አባቴ፣ ሲሶዋን ውጉኝ።»

«ጉንፋን በመርፌ አይድንም። ቁስል ሲይዝሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ቢሻልሽም መርፌውን ሳታቋርጪ ጨርሺ። ዛሬ በከንቱ የምናባክነው መድኃኒት ነገ ለልጅሽ እንቢ ይላል።»

«ኤዲያ! እርስዎም እንደ ጨመዳ ሆኑ!»

የጨመዳ ስም ሲጠራ የአቶ መሸሻ ፊት እንደ ልማዱ ጠቆረ። የመርፌ ሣጥናቸውን ግን አልከፈቱም።