ለነጫጭ አይጦች የተመደበው ወተት

ቃል ሰጪ፦ ወይዘሮ አገርነሽ ጩማ
ዕድሜ፦ አርባ አምስት ያህል
ሥራ፦ በውጭ አገር ሐኪም ቤት የአይጥ ጠባቂ
አድራሻ፦ ሶዶ ከተማ፣ ከገበያው በታች
ቀን፦ መጋቢት 24 ቀን 1926 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የእንስሳት ቀለብ ማጉደል

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው፣ የከሰሰኝን የሐኪሙን አስተርጓሚ አቶ ገብረአማኑኤልን አውቀዋለሁ። ጠብ የለንም ነበር። አሁን አለን፤ ይጻፍልኝ።

ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከሐኪሙ ግቢ ነጫጭ አይጦች ስጠብቅ ቆይቻለሁ። ሳጥኖቹ በሁለት ረድፍ የተቀመጡ ናቸው። በቀኝ ያሉት ቆጮ ብቻ ይበላሉ። በግራ ያሉት ከቆጮው ሌላ ወተትና እንቁላል ይሰጣቸዋል። ያረገዙትን በየጠዋቱ በትንሽ ሚዛን ሳስቀምጥ ሐኪሙ ክብደታቸውን ይጽፋል። አይጥ ስትመዘን ባይ መጀመሪያ ስቄ ነበር። የሳቅኩትን ያህል አልቅሻለሁ።

በጥር ወር የግራዎቹ ወለዱ፤ ልጆቻቸው ወፍራምና ቀይ ነበሩ። የቀኞቹ ጠጉራቸው ረገፈ፣ ገላቸው ሲዳሰስ ይቀዘቅዝ ነበር፤ የወለዷቸውም ገሚሶቹ ሞተው ወጡ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ለቀኞቹም ወተት ቢሰጥ፣ የተረፉት ልጆች ቀጭጨው ቀሩ። ምክንያቱን ስጠይቅ በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለኝ፦ እናት የበላችው ግማሹ ተቃጥሎ ሙቀትና ጉልበት ይሆናታል፣ እንደ ወተትና እንቁላል ያለው ገንቢው ደግሞ ለጽንሱ ሥጋና አጥንት ይሆናል፤ ገንቢ ሲጠፋ ከራሷ ሥጋ እየቀነሰች ትሰጠዋለች፤ የራሷም ሲያልቅ ጽንሱ ይጎዳል፤ በሆድ ሳለ የጎደለው ከተወለደ በኋላ በቀላሉ አይሞላም። ይህን የነገረኝ ያው አሁን የከሰሰኝ ሰው ነው።

ልጄ ጥሩዬ ቦዲቲ ባል አግብታ ከአማቷ ከወይዘሮ ፈጠነች ጋር ትኖራለች። ሁለት ወልዳ ሁለቱም አርባ ቀን ሳይሞላቸው ሞተውባታል። ሦስተኛው ካልቆመላት ልጃቸው ሌላ እንደሚያገባ አማቷ በሰው ፊት ተናግረዋል። በዚያን ጊዜ ጥሩዬ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የካቲት 1 ቀን ልጠይቃት ሄጄ ባያት ፊቷ ገርጥቷል፣ ክንዷ እንደ እንጨት ቀጥኗል። የምትበላው ቆጮና ጎመን ነው። ቅቤውማ በእንስራ ሙሉ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ለአራስነቷ ነው አሉ አማቷ። አሁን ብትበላ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል አሉኝ። በአይጦቹ ያየሁትን ሁሉ ስነግራቸው፣ "የኔን ምራት ከአይጥ ጋር ነው የምታመዛዝኚ? እፍረትም የለሽ!" ብለው አዋረዱኝ። እውነት ለመናገር እኔም ጥሩዬን ሳረግዝ እንዲያው ነበር የተደረግኩት፤ ያኔ አላወቅኩም። አሁን ግን አውቄ እንዴት ዝም ልበል?

ከዚያ በኋላ የግራዎቹን ወተት በየቀኑ እየቀነስኩ በቅል አጠራቀምኩ፣ እንቁላሉንም ቀቀልኩ፤ ለአይጦቹ ቆጮ ብቻ ሰጠሁ። ከየካቲት 8 እስከ መጋቢት 13 ቀን በየሳምንቱ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ፣ ከንጋት ጀምሮ በእግሬ ቦዲቲ አደረስኩ። ጾም መሆኑን አላጣሁትም። ንስሐ አባቷ ለነፍሰ ጡር ይፈቅዳሉ ብዬ ለወይዘሮ ፈጠነች ነገርኳቸው፤ እሺ ብለው ተቀበሉኝ። በአገራችን ልጅ ከተዳረች ወዲያ አማት እያለች በእናት እጅ ማብላት ነውር ነው፤ ቤቱን ርሃብተኛ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ስድስቱንም ጊዜ ቅሉን ለአማቷ ሰጥቼ፣ ልጄን በደጅ ሰላም ብዬ፣ ስለ ወተቱ ሳልጠይቃት ተመለስኩ። ያ ነውር የሚሉት ነገር ይቃጠል!

የግራዎቹ አይጦች መክሳታቸውን ሐኪሙ በሚዛኑ ደርሶበታል። መጋቢት 14 ቀን ጠዋት አቶ ገብረአማኑኤል ወተቱን ወደ ቅል ስገለብጥ አይቶ ያዘኝ። አልካድኩም።

ምጥ ያዛት ተብዬ ቦዲቲ ሄድኩ፤ መጋቢት 19 ቀን ልጄ ወሯ ሳይደርስ ወለደች። ወንድ ነበር፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። እስከ ቀትር ተነፈሰ። ከቀብር ስመለስ ጥሩዬን ከተኛችበት፣ "ያን ሁሉ ወተት ጠጥተሽ እንኳ አልረዳሽም?" ብዬ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ የምን ወተት?" አለችኝ። ወይዘሮ ፈጠነችን ብጠይቃቸው ሳይደነግጡ፣ "በሁዳዴ እሱን አጠጥቼ ቤቴን ላስረግም? ለውሻዋ ደፋሁላት" አሉኝ። ውሻዋ በጓሮ ተኝታለች፤ አምስት ቡችሎች ወልዳለች፣ አምስቱም ድቡልቡል ብለዋል። ቆሜ አየኋቸው። አንዱም አልሞተም።

ወተቱንና እንቁላሉን ወስደሻል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎን ወስጃለሁ። ተጸጽተሻል ወይ ስባል፣ በመውሰዴ አልተጸጸትኩም፤ ለሰው እጅ በመስጠቴ ግን አንጀቴ አሯል። ሐኪሙን በድያለሁ፣ የደከመበትን ሥራ አበላሽቻለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። እስር ከተፈረደብኝ እገባለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት ቀን ይሰጠኝና ቦዲቲ ሄጄ ልጄን ከዚያ ቤት ላውጣ። ዛሬ ቅቤው ተከፍቶላታል ይላሉ፤ አልበላም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ፣ ያልገባኝም በወላይትኛ ተነግሮኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና ያደረግሁትን እንጂ የፈጠርኩት የለበትም፤ በእግዚአብሔር ስም አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪዋ የጣት አሻራ፦ አገርነሽ ጩማ
ቃሉን የተቀበለና የጻፈ፦ ደገፉ ማሞ (ፊርማ)
እማኝ፦ ኤርካሎ ሶርሳ (ፊርማ)