የከድሩ ምስክርነት

አቶ ገብረየስ ልብስ ሰፊውን ከድሩን ቤቱ ሄደው እንዲመሰክርላቸው ሊለምኑት ሲያመነቱ፣ የሚያዝያ ዝናብ ሁለቱንም ሰበታ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር አገናኛቸው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ነው፤ አዲስ ሕገ መንግሥት ይረቀቃል ተብሎ አገሩ ሁሉ ሕግ ዐዋቂ ሆኗል። አቶ ገብረየስ ግን የጨነቃቸው የነገው ችሎት ነበር። ጎረቤታቸው ብዙነህ ድንበር ገፍቶ እርሻቸውን አርሶታል፤ አሁን አፈር የሸፈነው የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል ካዩት ዛሬ በሕይወት ያለው ከድሩ ብቻ ነው።

“ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳትቀር፣ ከድሩ።”

“አልመጣም፣ ጋሼ።”

“ድንጋዩ ሲተከል አልነበርክም?”

“ነበርኩ። ግን እርስዎ ቅዳሜ ገበያ መካከል ‘እስላሙ እንግዳችን ነው፤ ሕገ መንግሥት ውስጥ ምን አገባው’ ብለዋል። እንግዳ የሰው ድንበር ከየት ያውቃል?”

አቶ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዳይክዱ፣ የተናገሩት ጮክ ብለው ነበር።

“ሰሞኑን የእስላሞቹን የእኩልነት ሰልፍ ወጥተህ ነው ምላስህ የተሳለው?”

“አዎ፤ እስከ አዲስ አበባ በእግሬ። ለእንግዳ ትንሽ ይርቃል።”

“እናንተ እንደጠየቃችሁት ቤተ ክርስቲያንን ከሕገ መንግሥቱ ካወጧት ማን ሊጠብቃት ነው?”

“እርስዎ ነዎታ! ቅዳሴ የሚያስቀድሱት አንቀጽ ቆጥረው ነው? እኔም የምሰግደው ማንም ሳይጽፍልኝ ነው። ይልቅ ልጠይቅዎ፤ የነገው ዳኛ የብዙነህ አበልጅ ቢሆንስ?”

“ምን በወጣኝ! ይነሣልኝ እላለሁ።”

“ክርስቲያን ስለሆነ?”

“የአንዱ ወገን ስለሆነ ነዋ!”

“እኔም ስለ ሕጉ ያልኩት ይኸንኑ ነው።”

ዝናቡ አባራ። አቶ ገብረየስ ግን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመው ቀሩ።

“ታዲያ ምን ላድርግልህ?”

“ምንም። ነገ በችሎት ፊት ማን እንደሆንኩ ይናገሩ። ሰምቼ ወይ እመሰክራለሁ፣ ወይ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።”

በማግስቱ ብዙነህ ገና ምስክሩን ሲያይ ተነሣ። “ጌታዬ፣ ይህ እስላም በክርስቲያን ርስት ምን ጥልቅ አደረገው?”

ከድሩ አቶ ገብረየስን ዐይን ዐይናቸውን አያቸው። እሳቸው ላባቸውን ጠረጉ።

“አገሩ ስለሆነ ነው!” አሉ። “እንግዳ አይደለም፤ እንደኔው የአገሩ ባለቤት ነው። እንዲህ ብሎ ያልጻፈ ሕግ ካለ፣ ሕጉ ይታረም!”

ዳኛው ስለ ጩኸታቸው ገሠጿቸው። አቶ ገብረየስ ይቅርታ ጠየቁ፤ ቃላቸውን ግን አላነሡም። ከድሩ በቁርኣን ማለና ድንጋዩ የተቀበረበትን ቦታ ተናገረ። ሲቆፈር ተገኘ፤ እርሻው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያተኛው አቶ ገብረየስን ከቦ፣ “ምነው፣ ሃይማኖትዎን ለወጡ እንዴ?” ብሎ ሳቀባቸው።

“ሃይማኖቴ እዚያው እንደነበረ አለ፤ አንቀጽ አልጠየቀኝም” አሉ። “ሕግ የሁሉም ሲሆን የሚጠቀመው ከድሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔም ምስክር የማገኘው ያን ጊዜ ነው!”