የእሜቴ ዕረፍት

ጋሽ ስማቸው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ የተሳፈሩት አንድ የዘይት ማጣሪያ በጋዜጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ነበር። ዕቃው ለራሳቸው አይደለም። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ጄኔሬተሯን የሚያንቀሳቅሱት እርሳቸው ናቸው፤ ስሟንም «እሜቴ» ብለው አውጥተውላታል። እሜቴ ስታስነጥስ እርሳቸውን ያማቸዋል።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሂጃብ የለበሰች ወጣት አክብራ ሰላም አለቻቸውና የያዙትን ጠየቀቻቸው። ጋሽ ስማቸው ስለ እሜቴ የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ መንገዱ አይበቃቸውም። የደሴ ብርድ ለአሮጌ ሞተር እንደማይስማማ፣ ከቀዘቀዘች በቀላሉ እንደማትነሳ፣ ስለዚህም መብራት ኖረም አልኖረም በማለዳ አስነስተው፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ቀኑን ሙሉ እንደሚያውሏት አስረዷት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሐሜታቸውን ጀመሩ። አንዲት የተማረች ልጅ መጥታ፣ ጣራው ላይ የፀሐይ መስተዋት ደርድራ፣ እሜቴን ጡረታ ልታስወጣት ነው አሉ። ወጣቷ ሳቋን በሂጃቧ ጫፍ ሸፈነች።

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ከፊቱ አንድ የተጫነ የጭነት መኪና ገጠመው። ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ አላሳልፍም ብሎ መንገዱን ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። ጋሽ ስማቸውም ከሁሉ ቀድመው ዘግተው አፍንጫቸውን በፎጣቸው ያዙ።

«አባባ፣ መስኮቱን ለምን ዘጉት?» አለች ወጣቷ።

«ጭሱን አታዪም እንዴ ልጄ? ሳንባችንን ሊጨርሰው እኮ ነው።»

«አምና ታናሽ እህቴን የሳንባ ምች ይዟት እናንተ ሆስፒታል አስታምሜያለሁ። የሕፃናት ክፍሉ ንጹህ አየር ያስፈልገው ነበር፤ እኛ ግን ጭስ ይገባል ብለን መስኮቱን ዘግተን እንውል ነበር። ወላሂ፣ ጓሮ የጭነት መኪና የቆመ መስሎኝ ነበር። ለካ እሜቴ ናት።»

ጋሽ ስማቸው ፎጣውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ይህን ያህል ዘመን ሲያስታምሟት እሜቴ የምታሳምመው ሰው ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም። ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸውንም ወዲያው ወደ ቁጣ ለወጡት።

«ለመሆኑ አንቺ ማነሽ?»

«የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ የሀፊዝ ልጅ ነኝ፣ ቢልቂስ እባላለሁ። መስተዋት ደርዳሪዋም እኔው ነኝ፤ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ።»

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ጋሽ ስማቸው አልሳቁም። ሰው ልቡ ውስጥ የቆየውን ነገር የሚያወጣው ሲዋረድ ነውና፣ ለማንም የማይነግሩትን ነገሯት።

«ስሚ ልጄ። አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ እሜቴ በብርድ ደርቃ አልነሳ አለችኝ። አዋላጇ ልጅ ያዋለደችው በስልክ መብራት ነው። እናትም ልጅም ደህና ወጡ፤ እኔ ግን ያን ቀን ከሞተ ሰው አልሻልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን አጥፍቻት አላውቅም። ደግሞስ ጭጋግ ሲወርድ ጦሳ ተራራ እንኳ የት እንደገባ በማይታወቅበት አገር ጨቅላ ለፀሐይ አደራ ይሰጣል?»

«ፍርሃትዎ ልክ ነው አባባ። ልክ ያልሆነው መድኃኒቱ ነው» አለች ቢልቂስ። «ሶላሩ የሚፈልገው ብርሃን ነው፣ ሙቀት አይደለም፤ በጭጋግም ቀን ጥቂት ጥቂት ይሰበስባል። ባትሪዎቹ ደግሞ መብራት ባለ ጊዜ ከመብራት ኃይል መስመርም ይሞላሉ። መብራቱ ሲጠፋ ባትሪው ራሱ ይቀበላል፤ ሮጦ የሚያስነሳ ሰው አይፈልግም። እሜቴ የምትነሳው መጥፋቱ ከረዘመ ነው። ለብርዷም ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንገጥምላታለን። እንዳይበርዳት ተብሎ ቀኑን ሙሉ ናፍጣ አትጠጣም።»

«ጭሱስ ቢሆን ንፋስ ይዞት ይሄድ የለ?»

«ከዓይናችን ይሄዳል እንጂ ከአየር አይሄድም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን እዚያው ላያችን ላይ ተከማችቶ ምድሪቱን ያሞቃታል። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ዝናቡ ወቅቱን ሳተብኝ የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጥፋቱ የእሜቴ ብቻ ነው አልልም፤ የዓለም ሁሉ ነው። ግን ሰው የሚድንበት ቤት ሰው የሚታመምበትን ነገር ማምረት የለበትም።»

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር፤ ጋሽ ስማቸው እዚያው ሐረጎ ላይ ግማሹን አምነዋል። የቀረውን ግማሽ ያላመኑት በእልህ ነው። ስለዚህ ውል አሰሩ። ሶላሩ ተሰቅሎ ባትሪዎቹ ከማዋለጃና ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጋር ሲገናኙ፣ እሜቴ ለአንድ ቀን ትጠፋለች። ቀኑን የሚመርጡት እርሳቸው ናቸው፤ ከቁልፏም አጠገብ አይነቃነቁም። ቢልቂስ በደስታ ተቀበለች።

ሶላሩ ተሰቅሎ ሲያልቅ ጋሽ ስማቸው መርጠው መርጠው የሐምሌን ክፉ ቀን መረጡ። ጭጋጉ የሆስፒታሉን በር ከጥበቃው ሰውዬ ጋር ውጦታል። የእሜቴ ማሞቂያ ገና አልተገጠመም። እሜቴን አጥፍተው ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ የጄኔሬተር ቤቷ አምፖል ድርግም አለች። የከተማው መብራት ሄደ።

ቁልፉን አዞሩ። እሜቴ አቃሰተች እንጂ አልተነሳችም። ደግመው አዞሩ፤ አሁንም እምቢ አለች። ያ የጥንቱ ክረምት ተመልሶ መጣባቸው። ጋቢያቸውን ጥለው፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ወደ ማዋለጃው ሮጡ። በሩ ላይ ሲስተር እስከዳር ተቀበለቻቸው።

«ጋሽ ስማቸው፣ በዚህ የዘይትና የግራሶ እጅ ወዴት ነው የሚገቡት?»

«መብራቱ...»

«የቱ መብራት?» አለች እስከዳር ግራ ገብቷት። ከኋላዋ ክፍሉ ቦግ ብሎ በርቷል። የጨቅላዎቹ ማሞቂያም ሥራው ላይ ነው። መብራት መሄዱን እዚያ ቤት ውስጥ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ስማቸው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ወደ ጄኔሬተር ቤቷ ተመለሱ። እሜቴ ጎን ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰሙ። መጀመሪያ ድመት መሰላቸው። ቢልቂስ ስለ እሜቴ እምቢታ ሰምታ እየሮጠች ስትደርስ፣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አስቆሟት።

«ስሚ እስቲ። ልጅ ነው የሚያለቅሰው?»

«አዎ አባባ፣ አሁን የተወለደ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ቅርብ ነበሩ?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለእነዚህ ልጆች ሲሉ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ድምፃቸውን ግን የእሜቴ ጩኸት አሰምቷቸው አያውቅም ነበር። የቀረው ግማሽ እምነት ያን ጊዜ ሞላ።

ዛሬ የሕፃናት ክፍሉ መስኮት ተከፍቶ ይውላል፤ የሚያስሉትም ልጆች ንጹህ አየር ያገኛሉ። በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው የናፍጣ ቦቴ ለረጅም ጊዜ አይታይም፤ ከናፍጣው የተረፈውም ገንዘብ የወጥ ቤቱን የእንጨት ምድጃ በኤሌክትሪክ አስቀይሯል። ወጥ ሠሪዋ አትጠገብ ምድጃዬን አልለቅም ብላ ስትሟገት ቁጭ አድርገው ስለ ካርቦን ያስረዷት ማን እንደሆኑ መገመት አያቅትም። ካርቦኑን ሲያስረዱ ሐረጎን ያላነሱበት ቀን የለም።

እሜቴም ማሞቂያዋን ታጥቃ፣ ለክፉ ቀን ተዘጋጅታ ታርፋለች። ጋሽ ስማቸው በየጠዋቱ ይወለውሏታል፤ የባትሪዎቹንም ክፍል የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸው። ከግድግዳው ማዶ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ጨርቃቸውን አስቀምጠው «እንኳን ደህና መጣህ» ይላሉ፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን እስከዳርን ሳይጠይቁ ወደ ቤታቸው አይሄዱም።