ጎርፍ የገባበት ዋንዛ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የግድግዳ ሰዓት ቤቱ እንጨት ነበር፣ እንዳሁኑ ፕላስቲክ አልነበረም። እና ያንን የእንጨት ቤት እዚያ አቃቂ በሰቃ፣ ወንዙ ዳር፣ እኛ ነበርን የምንሠራው። ሰዓቱን አይደለም፣ ቤቱን ብቻ። ሞተሩን ነጋዴዎች ከውጭ ያስመጡታል። እኔ ቫርኒሽ ቀቢ ነበርኩ። የአናጢዎቹ አለቃ ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው ነበሩ፤ ንግግር አይወዱም እንጂ እጃቸው ሌላ ነው።

ታዲያ አንድ ክረምት ወንዙ ሞላ። ጠዋት ስንገባ መጋዘኑ ውስጥ ውሃው እስከ ጉልበት ነው፣ የዓመት ጣውላችን፣ ዋንዛው በሙሉ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። አሠሪያችን መጡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ይሄ ማገዶ ሆኗል፣ ይሸጥና ሥራ ቤቱ ይዘጋ አሉ። ሃያ ሰው ነን እኮ፣ ሃያ ሰው። እኔ ደግሞ ሁለት ልጅ ያለ አባት ነው የማሳድገው። ፈራሁ፣ አዎ ፈራሁ፣ ግን ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ እስከ ጥር ይስጡን፣ እናደርቀዋለን» አልኳቸው።

«አንቺ ቀቢ ነሽ፣ ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ?»

እውነታቸውን ነው፣ ምንም አላውቅም። ታዲያ እዚያ ማዶ የቆሙት ጋሽ ከድር፣ «እኔ አውቃለሁ። ይደርቃል» አሉ። ይህችኑ ብቻ። አሠሪያችንም እሺም እምቢም ሳይሉ ወጡ።

እና ጀመርን። የቸኮሉት ጣውላውን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ከሰዓት በኋላ ቷ! ቷ! እያለ ተሰነጠቀ። ጋሽ ከድር ሰብስበው ጥላ ውስጥ አስደረደሩን፣ በየመሃሉ ነፋስ እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት አስገቡበት፣ ከዚያ በየጠዋቱ «ገልብጡ!» ነው። ወገባችን ተቆረጠ፣ እጃችን ተላጠ፣ ገልብጡ! ሲታክታቸው አንዳንዶቹ ቃሊቲ ፋብሪካ ገቡ፣ አልፈርድባቸውም። አሥራ አንዳችን ቀረን።

ጥር ገባ። ጋሽ ከድር መላጊያውን ሲያሳርፉበት ጥቁሩ ተገፈፈና ከሥሩ ያ የዋንዛ መልክ ወጣ። አለቀስኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ግማሹ ግን ተጣሞ ነበር፣ ለግድግዳ ሰዓት አይሆንም። ታዲያ ቀጥ ያለ ያለውን እየቆረጥን የጠረጴዛ ሰዓት ቤት ሠራንበት። አሠሪያችን የመጀመሪያውን አንስተው የሰዓት ቤቱን በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ፣ «ለነጋዴው አሳዩት» አሉ። ተሳስቼ ነበር አላሉም፣ እኛም አልጠበቅንም። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሠራን፣ ልጆቼን በእሱ አስተማርኩ። ኋላ ፕላስቲኩ መጥቶ አስዘጋን፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ውሃው ግን አላስዘጋንም።

ይኸው አሁን እዚህ ገላን፣ የልጄ ልጅ ትጠይቀኛለች፤ «እማማ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ተስፋ አልቆረጡም?»

«ቆርጫለሁ እንጂ! ብዙ ጠዋት ቆርጫለሁ። ተስፋዬን ቆርጬ ነበር የማገላብጠው።»