ጾመኛው ያላሰኝ ማር

በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ አስተማሪ ሳለሁ የስኳር በሽታ ስለነበረብኝ ጠዋት ጠዋት ስኳር የሚያወርድ መርፌ እወጋ ነበር። የገና ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ዓመት፣ አንድ ቀን መርፌዬን ተወግቼ እህል ሳልቀምስ ለቅሶ ልደርስ ወደ መስቃን ገጠር በእግሬ ወጣሁ። መንገዱን ስጋምስ ደጅ የተሰጣ በርበሬ እንደ ውሃ ሲፈስ አየሁ። እኔም በላዩ የምንሳፈፍ መሰለኝ። ላብ ሲያጠምቀኝ እንኳ አልፈራሁም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

በሽታዬን የሚያውቁት የበርበሬው ባለቤት አባባ ሸምሱ ደግፈው አስቀመጡኝና ከቤታቸው ማር አምጥተው በጣታቸው ወደ አፌ አስጠጉ። «ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው፤ ድምፄ ለራሴ ከሩቅ ይሰማኛል። «እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉ። «ባለቤቴም እንዳንተ ስኳር ነበረባት። በረመዳን እንዲህ እያላባት፣ እየሳቀች ስታወራኝ፣ ጾሟን እንዳላስፈታት ብዬ ዝም አልኳት። በዚያው አመለጠችኝ። አንተን ግን ዝም አልልህም። ላስ፣ ልጄ።» ላስኩ። ልቤ ተመለሰ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ማር ሳይቀምሱ በእንሰት ቅጠል ጠረጉና አጠገቤ ተቀመጡ። በማግስቱ መርፌዬን ተወግቼ ቁርሴን በላሁ።